ከኢታንግ በታች የመጣ ፉጨት

የቀለጠ እርሳስ ሽታ ሲሸተኝ ሰላሳ ዓመት ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ረድኤት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ የመዳብ ሽቦ ከአንዲት ትንሽ መሰኪያ ጋር ስትበይድ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ተነስቼ ሰዓቴን ልይ ምንም አልቀረኝም። ሰው ጡረታ ቢወጣም አፍንጫው ቢሮ መግባት አይተውም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚሁ ጋምቤላ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ወረዳዎቹን በየተራ እየጠራሁ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው መንገድ ተቆረጠ፣ መድኃኒት የት አለቀ የሚለውን ሁሉ እየጻፍኩ ነው ጎልማሳነቴን የጨረስኩት።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ስወርድ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከታች የሚሰፋው የዘመኑ ሱሪዬ እዚህ ሙቀት ውስጥ ሁለት ቀን አልቆየም፤ በሦስተኛው ቀን ከዛሬው ጎረቤቴ ከሐጂ ነስሩ አባት ሱቅ ካኪ ቁምጣ በአራት ብር ገዛሁ። ዛሬ አራት ብር ለከረሜላ ብዬ ለልጅ ብሰጥ ልጁ ራሱ ያዝንልኛል። ወደ ድልድዩ መታጠፊያ ላይ የነበረው ሻይ ቤት ሻይ በአስራ አምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የቤቱ ቴፕ ባትሪው ሲደክም ዘፈኑ እየተጎተተ፣ ዘፋኟ ወንድ እስክትመስል ድምጿ ይወፍር ነበርና እኛ ዘፈኑን እንዲያ አድርገን ነው የለመድነው። በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ያንኑ ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው አልጣመኝም። ክንዴን የሚያክል የባሮ ዓሣ በሣር ገመድ ተንጠልጥሎ በር ድረስ ይመጣ ነበር፤ ማንጎ የሚገዛ ሰው ደግሞ እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ዘመኑን አትጠይቁኝ። መንግሥት ሲለወጥ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ተለወጠ፣ የደብዳቤው ማኅተም ተለወጠ፤ ሬዲዮው ግን አንድ ሰዓት ላይ ያው ይከፈት ነበር።

መቀበያችን ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ግራጫ ብረት ነበር። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ ውስጡ ያሉት የመስታወት ቫልቮች እስኪግሉ ድረስ አንድ ሲጋራ ይጨሳል። ፊቱ ላይ የሻይ ሰሃን የሚያክል ክብ ማዞሪያ ነበረው። እሱን በሁለት ጣት ቀስ ብለህ ካላንቀሳቀስከው የሰውዬው ድምፅ አንዴ የዳክዬ፣ አንዴ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ይሆናል። ልኩ ላይ ስታደርሰው ግን ሰውዬው ፊትህ ይቀመጣል። የመቲው ኦፕሬተር ከመናገሩ በፊት ይስላል፤ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። የኢታንጉ ሬዲዮ ደግሞ የቆርቆሮው ጣሪያ መጋል ሲጀምር ከቦታው ይንሸራተታል፤ እኔም ወሬውን እየጻፍኩ በግራ እጄ ማዞሪያውን ይዤ እከተለዋለሁ። ማዳመጫው ውስጥ መብረቅ ሲንጫጫ በየትኛው በኩል እየዘነበ እንደሆነ እለይ ነበር። በምሥራቅ በኩል የሚመጣው ወፍራሙ የጎሬ ነው፤ የእናቴ ቤት ላይ ዘነበ እል ነበር ለራሴ። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም፤ ጆሮዬ ነው ቀስ በቀስ የተማረው።

ኢታንግ ያለው ኦፕሬተር ኦጁሉ ይባላል። አኝዋ ነው፤ የወንዝ ዳር ልጅ። ሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ ተዋወቅን፤ በአካል ስንገናኝ ከድምፁ ተነስቼ አጭር ሰው ጠብቄ ነበርና ጎንበስ ብሎ በበሩ ሲገባ ሳቄ መጣ። እሱም እኔን አይቶ «ይሄ ነው ደገኛው?» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሲፈልግ ጌቱ፣ ሲፈልግ ደገኛው ይለኛል። ሚስቱ አሪየት ደግሞ የእኔዋ ባለቤት ወዳጅ ሆነች። ዓሣ ልትሸጥ ስትመጣ እኛ ቤት ታድራለች፤ ሁለቱ ሃያ በማይሞላ ቃል ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውሉ ነበር። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ አርባዋ እስኪወጣ ድረስ እኛ ቤት ተቀምጣ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ የነበረች አሪየት ናት። ለዚህች ሴት ውለታዋን ምን አድርጌ እንደምመልስ ሳስብ ነው የኖርኩት።

ፉጨቱን ያመጣው ኦጁሉ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ስትጠፋ የኢታንግ ባትሪ ይደክማል፤ በደከመ ባትሪ የተላከ ንግግር ደግሞ ተበጣጥሶ ነው የሚደርሰው። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አቤት ብዬው ሦስቴም ሳልሰማው ስቀር፣ ዓሣ አጥማጆች ከባሮ ወዲያና ወዲህ ሆነው እንደሚጠራሩት በማይክሮፎኑ አፏጨ። ፉጨት ቀጭን ነው፤ ጫጫታውን ሁሉ ሰንጥቆ ጥርት ብሎ መጣ። ከዚያ መግባቢያ አደረግነው። አንድ ረዥም ከሆነ አለሁ ማለት ነው፤ ሁለት ከሆነ ሰምቻለሁ፤ ሦስት ረዥም ከሆነ ከባድ ታማሚ አለ፣ ጀልባ ላኩ። መመሪያው ላይ የለም፤ አለቆቻችንም አያውቁትም፤ ቢያውቁ ይገስጹን ነበር። አንዲት ወላድ ግን በሦስት ፉጨት ጀልባ ተልኮላት ጋምቤላ ደርሳ ተገላገለች። የልጁ ስም ሌላ ነው፤ ኦጁሉ ግን ሬዲዮ እያለ ነበር የሚጠራው።

ከዚያ ሞባይል መጣ። በመጀመሪያ ኮረብታ ላይ ወጥተው የሚደውሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ሬዲዮ ያዘ። የእኔ ክፍል የወረቀትና የፕሪንተር ቀለም ማስቀመጫ ሆነ፤ ግራጫውን ብረት የት እንዳደረሱት አላውቅም፤ የጡረታ ደብዳቤዬን ስቀበል ቦታው ላይ ባዶ ካርቶን ነበር የነበረው። ኦጁሉም ጡረታ ወጥቶ ከኢታንግ በታች ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ተመለሰ። እዚያ ለጤና ኬላው ተሰጥቶ የነበረ አንድ አሮጌ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ነበር። የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ኦጁሉ ይወለውለዋል፣ ባትሪውን ይሞላለታል። ማንም አይመልስለትም፤ እሱ ግን ዕቃ ካልተነካ ይሞታል ባይ ነው። እኛ ሁለታችን በስልክ ነበር የምንገናኘው። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የዚያ አካባቢ ኔትወርክ ለሳምንትም ለሁለት ሳምንትም ይጠፋል።

ረድኤት የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የአንድ ድርጅት የኮምፒውተርና የመገናኛ ባለሙያ ሆና ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ጋሽዬ ነው የምትለኝ። እኔ ስለ ግራጫው ብረት ሳወራ ሰልችቷት ይሁን አሳዝኛት አንድ ቀን «ጋሽዬ፣ የድሮ ቻናላችሁን እኮ ኮምፒውተር ላይ መስማት ይቻላል» አለችኝ። ሳቅሁባት። ዓርብ ዕለት ግን ኦጁሉ ሲደውልልኝ ወሬውን ነገርኩት። ነገ ሬዲዮ ይተከልልኛል፣ በድሮው ቻናል ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ፣ ጥራኝ አልኩት። እንደ ልጅ ነው የተደሰተው። አሪየት ትንሽ ትኩሳት እንዳላት፣ ውሃው እየመጣ እንደሆነ፣ ሬዲዮውንም ከጤና ኬላው አውጥቶ ከፍ ወዳለው የራሱ ቤት እንደወሰደው ነገረኝና ተሰነባበትን። ያን ዕለት ማታ የእነሱ ኔትወርክ ጠፋ።

እንግዲህ ቅዳሜ ያ የእርሳስ ሽታ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ረድኤት ሽቦውን ከበረንዳው ቋሚ ወደ ማንጎው ዘረጋችና ጫፉን አውራ ጣት በምታክል ነገር ላይ ሰካችው፤ ያችን ነገር ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ። «በቃ?» አልኳት። በቃ አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ወገቤን የሰበረው ብረት አውራ ጣት አክሎ ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተናደድኩ። ሥራውን የሚሠራው ዕቃው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው፤ ዕቃው ከአየር ላይ ያለውን ሁሉ ድብልቅልቅ አድርጎ ያስገባል፤ ማጥራቱ፣ መለየቱ፣ ማስተካከሉ በሂሳብ ነው ብላ አስረዳችኝ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነገር ከላይ ወደ ታች ይፈሳል፤ ፏፏቴ ነው የሚሉት። እያንዳንዱ ጣቢያ በዚያ ሰማያዊ ውስጥ ቢጫ መስመር ሆኖ ይታያል። እኔ በማዞሪያ አንድ በአንድ እየፈለግሁ የማገኘውን እሷ መቶውን ባንድ ጊዜ በዓይኗ ታያለች። የሚንሸራተት ጣቢያ ሲመጣ ፕሮግራሙ ራሱ ይከተለዋል። የአንድ ሩቅ አገር ጣቢያ ላይ አድርጋ በሁለት ጣቷ ጫጫታውን ቆርጣ ስትጥለው ሰውዬው ጎረቤት መጣ። ያንን በግራጫው ብረት ላደርገው ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ አላሞገስኳትም፤ ሽማግሌ ቶሎ አይሸነፍም።

ደግሞም ይመዘግባል አለች። የድምፁን ብቻ አይደለም፤ የቻናሉን አካባቢ በሙሉ፣ ሰው የሰማውንም ያልሰማውንም። ነገ ተመልሰህ፣ ዛሬ ያላዳመጥከውን ቦታ ዛሬ እንዳለህ ሆነህ ማዳመጥ ትችላለህ። በእኛ ጊዜ ያመለጠህ አመለጠህ ነው፤ ሰማዩ መልሶ አይነግርህም። ይሄ አስገረመኝ። ከዚያ ማይክሮፎኑ የት ነው የሚሰካው ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሽዬ፣ ይሄ መስሚያ ብቻ ነው» አለች። «መናገር አይችልም።»

ሬዲዮ ሲባል እኔ የማውቀው የሚናገር ነገር ነው፤ የማይመልስ ሬዲዮ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ አልጠየቅሁምም። ኦጁሉ ሰኞ ጠዋት ሲጠራኝ እኔ ልሰማው እንጂ አቤት ልለው አልችልም፤ ይህንን ደግሞ የምነግርበት ስልክ የለም። ይሁን፣ ቢያንስ ደህና መሆናቸውን እሰማለሁ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ስንሞክረው ማዳመጫው ውስጥ የማያቋርጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት ነበረ። የእኔ ጆሮ ከማዳመጫ ብዛት የራሱ ጩኸት አለው፤ ቀን ከሌት አይተወኝም። መስማቴ መድከሙን ሰፈሩ በሙሉ ሲያወራ ከርሞ እኔ ዘንድ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር አልቻልኩም። «ይሄን ፉጨት አጥፊልኝ፤ ጭንቅላቴን ሊበሳው ነው» አልኳት። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመር አሳየችኝ። እንዲህ ዓይነት ቀጭን መስመር የጣቢያ አይደለም፣ ከቤት ዕቃ፣ ከቻርጀርና ከሶላር ማሽን የሚመጣ ረብሻ ነው አለች። ከዚያ እዚያው ስክሪኑ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ፕሮግራሙ ፉጨት የሆነውን ነገር ሁሉ እየፈለገ ያጠፋል። ጩኸቱ ድርግም አለ፤ ጆሮዬ ዐረፈ። እጇን ሳምኳት። ሰኞ ማለዳ ካምፕ ስትሄድ ላፕቶፑን ትታልኝ፣ የምነካቸውን ሦስት ቁልፎች በወረቀት ጽፋ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ እንዲመዘግብ አድርጋ ሄደች።

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ሸሚዝ ለብሼ ተቀመጥኩ። ለምን ሸሚዝ እንደለበስኩ አትጠይቁኝ። ማዳመጫው ውስጥ የዝናብ ጫጫታ እንጂ ሰው የለም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ስክሪኑ ላይ ያ ረዥሙ ቀጭን መስመር አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ቀጭን፣ ግን የተቆራረጠ ነገር ይወርዳል። ማክሰኞም እንዲሁ። የሰው ድምፅ ስጠብቅ ረብሻው ሲበዛ ተበሳጨሁና ሐጂ ነስሩ ሱቅ ሄድኩ። ጎረቤቴ ነው፤ የሰፈሩ ትልቁ ሶላር የእሱ ነው። ሬዲዮዬን የሚረብሸው ያንተ ማሽን ነው አልኩት። ሐጂ ተጫዋች ነው። «ጋሽ ጌታሁን፣ ድሮ የመንግሥት ሬዲዮ ይዘህ አላስተኛኸንም፤ አሁን ደግሞ የራስህን አመጣህ?» ብሎ ሳቀና፣ የእሱ ማሽን እንደሆነ ባያምንም፣ ለእኔ ሲል ረቡዕ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፍሪጁን ጭምር አጥፍቶ ጠበቀኝ። ረዥሙ መስመር ጠፋ። የተቆራረጠው አልጠፋም። እንግዲህ ይሄ ደግሞ የሌላ ጎረቤት ቻርጀር ነው አልኩ።

ሦስት ሰረዝ፣ ክፍተት፣ ደግሞ ሦስት ሰረዝ። ዛሬ ሳስበው ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ይለየዋል። እኔ ግን በዓይኔ ኦፕሬተር ሆኜ አላውቅም። በጆሮዬ ቢመጣ፣ ተኝቼም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ፉጨት ብድግ ባልኩ ነበር። ጆሮዬን ደግሞ እኔው ራሴ አዝዤ ዘግቼዋለሁ። እንዲያውም ኦጁሉ ቃሉን ረስቶ አልጠራኝም ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስክሪኑ ጥርት አለ፤ የተቆራረጠው መስመር ጠፋ። ደስ አለኝ። ተመስገን፣ ረብሻው ለቀቀን ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

ቅዳሜ ረድኤት ስትመጣ ከተማው መብራት አልነበረውም፤ ላፕቶፑ በባትሪ ነበር የሚሠራው። የሰሞኑን ምዝገባ ከፍታ ታይ ጀመር። ረቡዕ ላይ ስትደርስ ሐጂ ማሽኑን እንዳጠፋ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ከቤት ዕቃ የሚመጣ ነገር እንዲህ እየቆጠረ አይቆራረጥም አለች፤ ሳጥኗ ላይ ያለውን ምልክት አነሳችና ማዳመጫውን ሰጠችኝ።

ሦስት ረዥም። ከዚያ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ጊዜ። ደግሞ ሦስት ረዥም። በእድሜ የደከመ ከንፈር ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል፤ ግን የኦጁሉ ነው። ሰኞ ሃያ ደቂቃ ያህል አፏጭቷል። ማክሰኞ ከዚያም ይበልጣል። ረቡዕ፣ እኔ የጎረቤት ፍሪጅ አስጠፍቼ ስክሪን በማይበት በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ አላቋረጠም። ሐሙስ የለም። ዓርብ የለም። ረድኤት የፉጨቱን ትርጉም አታውቅም ነበርና «እንኳን ደህና ሆኑ፣ ትተውታል ማለት ነው» አለች። ትርጉሙን ነገርኳት። ሐሙስ ለምን እንደተወው ግን መናገር አልቻልኩም፤ እሷም ገባት መሰለኝ ማልቀስ ጀመረች። ሳጥኗን የነካሁት እኔ ነኝ አለች። አጥፊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ለማንም ግን የሚረባ ነገር አልነበረውም።

በዱላዬ እየተደገፍኩ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ተረኛው ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ምን ሰማህ፣ መቼ ሰማህ ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ሳምንት ሰኞ የተፏጨ ፉጨት ዛሬ ቅዳሜ ሰማሁ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ስናገረው ለራሴም የጃጀ ሰው ወሬ መሰለኝ። ልጁ ግን አልሳቀብኝም፤ እዚህም እዚያም ደወለ። ጀልባዎቹ በሌላ አቅጣጫ ናቸው፣ ነዳጅ አለ፣ ሞተሪስቱ የለም፣ ሞተሪስቱ ተገኘ፣ ውሃው አይፈቅድም። እሁድ ማለዳ አንዲት ጀልባ ከሁለት የጤና ባለሙያ ጋር ተነሳች። ጉልበቴ ስለማይችል እኔ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሰኞ ሲመለሱ የሰማሁት የጠበቅሁትን ነው፤ አሪየት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አርፋለች። ወባ ነበር። እዚህ ጋምቤላ ብትደርስ ለመዳን ሦስት ቀን የማይፈጅ ወባ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን አልከፈትኩትም። ድሮ ብዙ ጥሪ አምልጦኛል፤ በዚያ ሁሉ መብረቅና ጫጫታ ውስጥ ስንቱ ሰው ጠርቶኝ ሳልሰማው እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው። ያመለጠኝን ግን ስለማላውቀው እንቅልፌን እተኛ ነበር። ይሄኛው ማሽን ያመለጠኝን ከነሰዓቱ፣ ከነትንፋሹ አስቀምጦልኛል። ምን ላድርገው? ላጠፋው እጄ አይሄድም፤ ላዳምጠው አንጀቴ አይችልም።

መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል መንገዱ ሳይደርቅ ኦጁሉ ራሱ መጣ። ለቅሶ መድረስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሳየው ተነሳሁ፤ ተቃቅፈን ቆየን። አንድ ክረምት ያንን ቁመቱን ቀንሶታል። እህል ቀረበ፤ ቀመስን። ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። ረድኤት ያን ቀን እሁድ ስለነበር ቤት ነበረች፤ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ አትገባም አትወጣም። በመጨረሻ ኦጁሉ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ጌቱ» አለኝ፤ «አሪየት በጣም ፈራች። እኔ አልኳት፣ አንቺ አትፍሪ፣ ጌቱ እየሰማ ነው፣ ጀልባ መንገድ ላይ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ አልኳት። አሁን አንተ ንገረኝ። እኔ ዋሸኋት ወይስ አልዋሸኋትም?»

ብዙ ዓመት ለብዙ ሰው ብዙ ነገር በሬዲዮ ተናግሬያለሁ፤ የሞት ወሬም ተናግሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን በሬዲዮ መጥቶልኝ አያውቅም። ሰምቼሃለሁ ብለው ሰምቼ ተቀመጥኩ ማለት ነው። አልሰማሁህም ብለው ሟቿን ዋሽተሃል ማለት ነው። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፣ ጩኸቱን፣ ሳጥኑን፣ የሐጂን ፍሪጅ፣ ሐሙስ የጠጣሁትን ሻይ ጭምር አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ማሽኑ ሰምቷል፤ እኔ አልሰማሁም አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን የት ነው ያ?» አለ።

እዚህ አለ አልኩት። አሰማኝ አለ። ረድኤትን አየኋት፤ ላፕቶፑን አምጥታ ከፈተችለትና የረቡዕን አደረገችለት። ማዳመጫውን አንዱን ጆሮው ላይ ብቻ አድርጎ፣ ድሮ ሥራ ላይ እንደምናደርገው፣ ዓይኑን ጨፈነ። የራሱን ፉጨት ነው የሚሰማው። እኔ ፊቱን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ድንገት እጁን አነሳ። ከሦስተኛው ፉጨት በኋላ ያለውን ቦታ መልሺ አላት። መለሰች። ደግሞ መልሺ አላት። ረድኤት ጫጫታውን ቀነሰችለት፣ ያን ቦታ ብቻ አጠበበችለት። እኛ ያን ቦታ በዚያች ቅዳሜ አሥር ጊዜ ሰምተነዋል፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ እንጂ ምንም የለበትም ብለን ነበር። እሱ ግን ያኔ የማይክሮፎኑን ቁልፍ እንደተጫነ ቆይቷል፤ አሪየት ደግሞ አልጋዋ ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ ነበረች።

አራተኛ ጊዜ ሲሰማው ከንፈሩ አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምን አለች ብዬ ጠየቅሁት። በቋንቋቸው ዝቅ ብሎ ደገመውና ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገ ነገረኝ።

«ተወው፣ ሰምቷል ትላለች። በቃህ ትላለች። ባትሪው አትጨርስ፣ ለሌላ ሰው ያስፈልጋል።»

ማዳመጫውን አውልቆ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ረድኤት ሦስት ጊዜ መለሰችልኝ፤ እኔ ከዝናብ ጫጫታ በስተቀር ምንም አልሰማሁም።